ምንጣፉ ከኢስታንቡል፣ ሽንኩርቱ ከመቂ

ቆዪ፣ ቆዪ ሚጡ! ሁሉንም በአንዴ አትሽጪው። የመጀመሪያውን ምንጣፍ ነጋዴው በስንት እንደተቀበለሽ አይተሻል፤ አሁን ደግሞ ስንት እንደሚልሽ እዪው። ወረደ አይደል? አቴናን በምንጣፍ አጥለቅልቀሻታል። የቀረውን መርከቡ ላይ ተዪውና ሌላ ወደብ ሞክሪ። አይ፣ ስልኩን አልወስድብሽም፤ ተጫወቺ። እኔ እዚህ ከኋላሽ ቆሜ ጥቂት ላውራ። ጣትሽ እዚያ ይሁን፣ ጆሮሽን ግን ለእኔ ስጪኝ።

ለእማዬ የነገርሻትን ሰምቻለሁ። «ዕቁቤ ሲወጣ መቂ ሄጄ ሽንኩርት ጭኜ እመጣለሁ፤ ንግድ አሁን ገብቶኛል» አልሻት። እሷ ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም፤ ግማሹ በእርግጥ ገብቶሻላ። ያንን ግማሽ ያስተማረሽ ይኸው ጨዋታ ነው። ሌላውን ግማሽ ግን አላነሳልሽም፤ ገንዘብሽን የሚበላውም ያ ያላነሳልሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለይቼ ልንገርሽ።

የያዝሽው ጨዋታ በዕድሜ ይበልጥሻል። «አንቻርትድ ዋተርስ፦ ኒው ሆራይዝንስ»ን ኮኤይ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ በማግስቱ ዓመት በእንግሊዝኛ ለሱፐር ኒንቴንዶና ለሴጋ ቀረበ። ታሪኩ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ላይ ነው። ከስድስት ሰዎች አንዱን መርጠሽ ትገቢያለሽ፤ አንቺ የመረጥሽው አሊ ቬዛስ ወላጅ የሌለው የኢስታንቡል ልጅ ነው፤ ማዕረግ ስለሌለው መነሻው ንግድ ብቻ ነው። ምርጫሽን ወድጄልሻለሁ። የሰፈራችን ልጆች ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፈው ኳስ ሲጋጠሙ፣ አንቺ ይህን ያረጀ ጨዋታ በኢሙሌተር ከፍተሽ የወደብ ዋጋ ስታወዳድሪ ማምሸትሽ ደስ ይለኛል።

የጨዋታው ዘርም የቆየ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ዴቭ ካውፍማን የሠራው «ስታር ትሬደር» ሥዕል እንኳ አልነበረውም፤ በጽሑፍ ብቻ ከኮከብ ኮከብ ዕቃ እያዘዋወሩ መነገድ ነበር። በ1984 ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል «ኢሊት»ን ሲያወጡ ተጫዋቹ አንድ የጠፈር መርከብና 100 ክሬዲት ተሰጥቶት ይጀምር ነበር። ጃፓኖቹ በ1990 «ድራጎን ክዌስት 4» ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለነጋዴ ሰጡ፤ ቶርኔኮ የሚባል በሰው ሱቅ የሚቀጠር የልጅ አባት የራሱን ሱቅ ለመክፈት ይለፋል። ሱቁ ሲከፈት ባንኮኒው ላይ ቆማ ዕቃውን አሳምራ የምትሸጠው ግን ሚስቱ ናት። ይህን የጻፈው ሰው አንድ ቀን አዳማ ገበያ ጉልት ላይ የዋለ ነው የሚመስለኝ።

የሁሉም መሠረትና የመጀመሪያው እውነት አንድ ነው፤ እዚህ የረከሰው እዚያ ይወደዳል። ይህንን ደግሞ ጃፓንም እንግሊዝም አላስተማሩንም። የእኛ ሲራራ ነጋዴዎች ጨዋታውን በእግራቸው ተጫውተውታል። አሞሌ ጨው ከአፋር ረባዳ ምድር ተቆርጦ በግመል ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ወደ ጎጃም፣ ዓባይን ተሻግሮም እስከ ጊቤ አገሮች ይወርዳል። ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር በአንድ ጠገራ ብር የሚገኘው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። ነጋዴው ሲመለስ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይዞ ይመጣል። በየመንገዱ ደግሞ ኬላ አለ፤ እያንዳንዱ ኬላ ድርሻውን ያነሳል። ሽፍታ አለ፣ ሙላት አለ፣ በቅሎ ትሞታለች። ስለዚህ በቡድን ይሄዳሉ፤ መሪያቸው ነጋድራስ ይባላል። አንቺ አሁን መርከብሽን ከወንበዴ ለማስጠበቅ መድፍ የምትጭኚው እነሱ ጠመንጃ የያዘ ሰው ባስከተሉበት ምክንያት ነው።

ዛሬም ካርታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው እንስሳው ነው። የጅቡቲ ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ የሲራራውን መንገድ አሳጠረው። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ደግሞ ኬላው በሌላ መልክ ተመለሰ፤ ክፍያው ግን ደረሰኝ አለው። ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ አለ፤ ከሞጆ ወደ መቂና ባቱ የሚወስድ የፍጥነት መንገድም ተሠርቷል። አዳማ የተቀመጠችው አንቺ በጨዋታው ለማግኘት ስትለፊ የምታመሺበት ዓይነት ቦታ ላይ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ወደቡ፣ ወደ ምዕራብ ዋና ከተማው፣ ወደ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሙሉ አትክልት። ስለዚህ ሐሳብሽ የሞኝ ሐሳብ አይደለም።

ጨዋታው የነገረሽ ሁለተኛው እውነት አሁን አቴና ላይ ያየሽው ነው። ብዙ ስትገዢ ዋጋው ይወጣል፣ ብዙ ስትሸጪ ይወርዳል፣ ትንሽ ቀን ስትተዪው ይመለሳል። የገና፣ የፋሲካ፣ የእንቁጣጣሽ ሰሞን ሽንኩርት ይወደዳል፤ ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ይህንን አንቺ ታውቂያለሽ፣ የመቂ ገበሬ ያውቃል፣ የአይሱዙው ሹፌር ያውቃል፣ ደላላውም ያውቃል። ሁሉም ያወቀው ዋጋ ደግሞ ሁሉም ጭኖ ሲመጣ ይወድቃል። የበዓሉ ዋዜማ ላይ አሥር መኪና አብሮሽ ከገባ፣ አንቺ ያሰብሽው የትናንቱን ዋጋ ነው፤ የምትሸጪው ግን በዛሬው ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ዙርም አለ። ዘንድሮ ሽንኩርት ከተወደደ ለከርሞ ብዙ ገበሬ ሽንኩርት ይተክላል፤ ለከርሞ ምርቱ አንድ ላይ ይደርስና ዋጋው ይሰበራል፤ ከዚያ ብዙው ይተወዋል፤ በቀጣዩ እንደገና ይወደዳል። በአገራችን የዚህ ትልቁ ምሳሌ በቆሎ ነው። በተከታታይ ጥሩ ከተመረተ በኋላ በ2002 እ.ኤ.አ. የበቆሎ ዋጋ ስለተንኮታኮተ ገበሬው ምርቱን ከማሳ ማንሳት እንኳ አላዋጣው አለ፤ በዓመቱ ድርቅ መጣና አገሩ እህል ለመነ። ኢኮኖሚስቷ እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እንዲቋቋም የተሟገተችው አንዱ አካባቢ ተርፎት ሌላው ሲራብ ዋጋው እንኳ እርስ በርስ እንደማይሰማ ስላጠናች ነው። ገበያው በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ዛሬ ቡና፣ ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄ በዚያ ይገበያያሉ። ሽንኩርት ግን የለበትም፤ የሽንኩርት ዋጋ የሚሰማው በስልክና በሰው አፍ ነው። በጨዋታው መርከብ አስጠግተሽ ገበያ ካልገባሽ ዋጋ እንደማታዪው ሁሉ፣ እዚህም ቀድሞ የሰማ ቀድሞ ያተርፋል።

ሦስተኛው እውነት ቦታ ነው። መርከብሽ ላይ ሰው ሲበዛ ዕቃ ያንሳል፣ መድፍ ሲበዛ ዕቃ ያንሳል። አስተውለሽ ከሆነ ከኢስታንቡል ምንጣፍ ጭነሽ አቴና፣ ከአቴና የሥነ ጥበብ ዕቃ ጭነሽ ኢስታንቡል ስትመላለሺ ያተረፍሽው ዋጋው ተለይቶ ስላማረ አይደለም፤ በሁለቱም መንገድ መርከብሽ ባዶ ስላልሆነ ነው። ይህንን አንድ ጥያቄ አድርጊና ለራስሽ ጠይቂ፦ መቂ ስሄድ መኪናው ምን ይጭናል? ባዶ ከሄደ የሁለቱንም መንገድ ነዳጅ የሚከፍለው የአንድ መንገድ ሽንኩርት ነው። የአገራችን የጅቡቲ መስመር የቆየ ራስ ምታት ይኸው ነው፤ የምናስገባው ከምናስወጣው እጅግ ስለሚበልጥ ሞጆ ላይ የተራገፈ ኮንቴነር ብዙውን ጊዜ ባዶውን ወደ ወደብ ይመለሳል። አገር ያልፈታውን ችግር አንቺ በዕቁብ ብር አትፈቺውም። መፍትሔው መኪና አለመኮናተር ነው፤ ወደ አዳማ በሚመጣ የሌላ ሰው ጭነት ላይ በኩንታል ከፍለሽ መደረብ።

አራተኛውን ጨዋታው በግልጽ አይነግርሽም፣ ደብተር ከያዝሽ ግን ታገኚዋለሽ። ትርፍ በጉዞ አይቆጠርም፣ በቀን ነው። ሩቅ ሄደሽ ቅመም ስታመጪ ትርፉ ትልቅ ይመስላል፤ ግን ስንት ቀን ባሕር ላይ ነበርሽ? ስንት በርሜል ውኃ፣ ስንት ምግብ፣ የባሕርተኛ ደመወዝ ስንት ሄደ? በ60 ቀን 6,000 ያገኘ ሰው በ10 ቀን 2,000 ካገኘው ያንሳል፤ የመጀመሪያው በቀን 100፣ ሁለተኛው በቀን 200 ነው። አዳማ ላይ ሆነሽ ሻሸመኔን፣ አርሲ ነገሌን፣ ባቱን፣ መቂን ስታስቢ በዚህ ሚዛን አስቢ። ቅርብ ሆኖ ቶሎ የሚመለስ ገንዘብ ሩቅ ሄዶ ከሚያድር ይሻላል፤ በተለይ ገንዘቡ ትንሽ ሲሆን።

አሁን ወዳልነገረሽ እንሂድ።

መጀመሪያ፣ ምንጣፍ አይበሰብስም ሚጡ። ሥዕልም አይበሰብስም። ጨዋታው ዋጋ ካልጣመሽ ዕቃሽን ይዘሽ ወደ ሌላ ወደብ እንድትሄጂ ይፈቅድልሻል፤ ሽንኩርት ይህንን ጊዜ አይሰጥሽም። አንገቱ በደንብ ሳይደርቅ የተቆረጠ ሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ይሞቃል፤ ዝናብ ያገኘው ከመሃል ይጀምርና ይሸታል፤ የቆየው ያጎነቁላል። ደህናውም ቢሆን እየደረቀ ሲሄድ ሚዛኑ ይቀንሳል፤ ማለትም ማንም ሳይሰርቅሽ ኪሎ ይጠፋል። ቲማቲም ደግሞ ከሱ ይብሳል፤ እሱን ለጊዜው አታስቢው። እዚሁ አጠገባችን ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው «አዳማ ሬድ» የሚባል የሽንኩርት ዝርያ አለ፤ በከተማችን ስም ስለተጠራ ብቻ እንዳትገዢው። የምትገዢው ዝርያ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነቀለ፣ ስንት ቀን እንደደረቀ ጠይቂ። ጆንያውን አስፈቺ፤ ላይ ላዩን አሳምሮ ሥሩ ሌላ የሆነ ጆንያ አዲስ ነጋዴን ነው የሚጠብቀው።

ነይ ወደ ሒሳቡ። ቁጥሩን ከራሴ ነው የማወጣው፣ የዛሬ ዋጋ አይደለም፤ አሠራሩን ብቻ ያዢ። 10 ኩንታል፣ ማለትም 1,000 ኪሎ ሽንኩርት በኪሎ 30 ብር ገዛሽ፤ 30,000 ብር። አዳማ ላይ 40 ብር ይሸጣል። አንቺ ወዲያው 10,000 ብር አተረፍኩ ትያለሽ፤ ጨዋታውም እንደዚያ ነው የሚያሳይሽ። አሁን እንቀንስ። መኪና 2,500፣ ጫኝና አውራጅ 800፣ ጆንያ 500፣ ደላላ 1,000። ይህ 4,800 ብር ነው። ከዚያ በመንገድና በማሳደር 80 ኪሎ ተበላሸ ወይም ከሚዛን ጎደለ እንበል፤ የምትሸጪው 920 ኪሎ ሆነ። በ40 ብር 36,800 ታገኛለሽ። ያወጣሽው 34,800 ነው። የቀረሽ 2,000 ብር ነው፣ 10,000 አይደለም። አሁን ደግሞ ዋጋው 3 ብር ብቻ ይውረድ፤ 37 ይሁን። 920 ኪሎ በ37 ስትሸጪ 34,040 ይገባል፤ 760 ብር ከኪስሽ ሄደ። በኪሎ 3 ብር መውረድ ማለት አቴና ላይ አሁን ዓይንሽ እያየ የሆነው ነገር ነው፤ እዚያ «ሌላ ወደብ ልሞክር» አልሽ፣ እዚህ ግን ጆንያው እየሞቀ ነው።

ሁለተኛው፣ የጨዋታው ነጋዴ እጅ በእጅ ይከፍላል። ዕቃውን ሰጠሽ፣ ወርቁን ተቀበልሽ፣ አለቀ። እዚህ ቸርቻሪዋ «ሸጬ ልስጥሽ» ትልሻለች። ክፋት አይደለም፣ አሠራሩ ነው፤ እሷም ለበላተኛ በዱቤ ሰጥታለች። ግን ዱቤሽ የተበተነ ሰሞን ሽንኩርቱም የለሽ፣ ብሩም የለሽ፤ ያለሽ ስምና ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ብቻ ነው። የሚቀጥለውን ጉዞ በምን ትሄጃለሽ? አዲስ ነጋዴ የሚከስረው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ተሳስቶ ሳይሆን ገንዘቡ ሰው እጅ ላይ ስለሚቀርበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ለማን በዱቤ እንደምትሰጪ ሳይሆን ለማን እንደማትሰጪ ወስኚ።

ብድርማ ተይው። በ1982 እ.ኤ.አ. ለአፕል ኮምፒውተር የወጣ «ታይፓን» የሚባል ጨዋታ አለ፤ ካገኘሽው ተጫወቺው። በቻይና ባሕር ላይ ነው፤ ሆንግ ኮንግ፣ ሻንጋይ እያልሽ ትነግጃለሽ። ሲጀምር ምርጫ ይሰጥሻል፦ ወይ 400 ጥሬ ገንዘብና 5,000 ዕዳ፣ ወይ ያለ ገንዘብና ያለ ዕዳ 5 መድፍ። አበዳሪው «ታላቅ ወንድም ዉ» ይባላል። ስሙ የዘመድ ነው፣ ወለዱ ግን በወለድ ላይ ይወልዳል፤ ንግድሽ ቢያምርም ዕዳውን ካዘገየሽ ዉ ነው የሚያተርፈው። ሰፈራችን ውስጥም «እኔ አለሁልሽ፣ ትንሽ ወለድ ብቻ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለዚህ ነው። ዕቁብ ጥሩ የሆነው ወለድ ስለሌለው ነው፤ በእሱ ላይ ብድር ደርበሽ አታበላሺው።

ሦስተኛው፣ ጨዋታው ውስጥ የሚሸጥልሽ ሰው ፊት የለውም። መቂ ላይ ግን ገበሬ አለ፣ ደላላም አለ። ደላላውን ሰው ሁሉ ይረግመዋል፤ እኔ አልረግመውም። የማን ማሳ እንደደረሰ፣ የማን መኪና ባዶ እንደቆመ፣ ማን እንደሚታመን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ያ ዕውቀት ዋጋ አለው። አንቺ መጠየቅ ያለብሽ ደላላው ክፉ ነው ወይስ ደግ ብለሽ አይደለም፤ ዛሬ የማን ደላላ ነው ብለሽ ነው። ከገበሬውም ካንቺም ከወሰደ የማንም አይደለም። በአካባቢው የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች የኅብረት ሥራ ዩኒየን አለ፤ ከማኅበር አባላት በኩል ዋጋ መጠየቅ ደላላው የነገረሽን ለማመዛዘን ይረዳሻል።

ስለ ገበሬውም ላንሳ። የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበረው ገብረሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በሚለው መጽሐፉ፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ በእጅና በማሽን የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ልፋቱን በርካሽ እንደሚሰጥ አስረድቷል። መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ነው። የመቂ ገበሬ ሽንኩርቱን የሚያስቀምጥበት ጥሩ መጋዘን ከሌለው በነቀለው ሳምንት በተሰጠው ዋጋ መሸጡ ግዴታው ነው፤ ማዳበሪያና ነዳጅ ግን በውድ ይገዛል። ጨዋታው የአንቺን ትርፍ ብቻ ነው የሚቆጥረው። አንቺ ግን ሰውየውን ለከርሞም ትፈልጊዋለሽ። በጨነቀው ቀን ዋጋ የሰበርሽበት ገበሬ ሽንኩርት በተወደደ ቀን ስልክሽን አያነሳም።

አራተኛውና ትልቁ ሴቭ ነው፤ ጨዋታውን አስቀምጦ ወደዚያው መመለስ። ማዕበል መርከብሽን ሲያሰምጠው ምን ታደርጊያለሽ? ወደ ኋላ ትመለሻለሽ። ስለዚህ ልብሽ ሳያውቀው ደፋር ሆኗል። ድፍረቱ የአንቺ አይደለም፣ የሴቩ ነው። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን ልትዘጊ ስትይ ብቻ ሴቭ አድርጊ፤ የከሰርሽ ቀን ወደ ኋላ አትመለሺ። መርከቡ ከሰጠመ ሰጠመ። ያን ጊዜ ሙሉ መርከብ በአንድ ዕቃ መጫን ትተዪያለሽ፣ ውኃና ምግብ በትርፍ ትይዣለሽ፣ ያለሽን ወርቅ ሁሉ ይዘሽ መውጣት ትተዪና ባንክ ታስቀምጫለሽ። እነዚህ ሦስቱ ልማዶች መቂ ድረስ አብረውሽ ይሄዳሉ።

ደግሞ ይህን ጨዋታ ከሌላው ጋር እንዳታምታቺው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት አገሩ ሁሉ ስልኩን ሲደበድብ ታስታውሻለሽ፤ «ሃምስተር ኮምባት» ቴሌግራም ላይ። ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ሠርግ ላይ ሳይቀር። የጨዋታው ዲጂታል ሳንቲም መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ለገበያ ወጣ፤ የደመራ ዕለት ነበር። ለወራት የነካካ ሰው ካሰበው በጣም ያነሰ አገኘ። ልዩነቱን ያዢ፦ ያንቺ ያረጀ ጨዋታ አንድ ብር እሰጥሻለሁ ብሎ አያውቅም፤ የሚሰጥሽ የሒሳብ ልምምድ ነው። «እየተጫወትሽ ክፍያ ታገኛለሽ» የሚል ጨዋታ ሲመጣ ነጋዴዋ አንቺ አይደለሽም፤ የሚሸጠው የአንቺ ጊዜ ነው። «ትሬዲንግ እናስተምርሽ፣ ትንሽ ብር አስገቢ፣ ሰው አምጪ» የሚሉሽንም በዚሁ ሚዛን መዝኛቸው። ዕቃ የሌለበት ንግድ ውስጥ ዕቃው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ምን ታድርጊ? መጀመሪያ በወረቀት ነግጂ። ደብተር ያዢ፤ በሁለት ዓምድ። በአንዱ የጨዋታሽን ጉዞ ጻፊ፦ የገዛሽበት፣ የሸጥሽበት፣ ቀኑ፣ ወጪው፣ ትርፍ በቀን። በሌላው የሽንኩርቱን ጻፊ። በየገበያው ቀን አዳማ ላይ የጅምላና የችርቻሮ ዋጋ ጠይቂ፤ በዚያው ቀን መቂ ላይ ከማሳ ስንት እንደሚወጣ ደውለሽ ጠይቂ። «ዛሬ 10 ኩንታል ገዝቼ ቢሆን ኖሮ» ብለሽ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ሥሪ፤ ብክነቱን አትርሺ። ሳምንታት ሲያልፉ ዋጋው መቼ እንደሚንቀሳቀስ ከደብተርሽ ታነቢያለሽ። ደብተሩ ኪሳራ ካሳየሽ ምንም ሳትከስሪ አወቅሽ ማለት ነው፤ ይህን ሴቭ ሕይወትም ትፈቅዳለች።

ቀጥሎ ሂጂና እዪ፤ ሳትገዢ። ገበያው ውስጥ ለዓመታት ያመላለሱ እናቶች አሉ፤ አንዷን «እማማ፣ አንድ ቀን አብሬዎት ልሂድ» ብለሽ ለምኚ። አውራጅ ብትሆኚላቸው ነው የሚሻለው፤ ጆንያ ሲፈታ፣ ሚዛን ሲነበብ፣ ዋጋ ሲጨቃጨቁ ከአጠገባቸው ትሆኛለሽ። በጠዋት ሂጂ፣ ሳይመሽ ተመለሺ። ጥሬ ገንዘብ ይዘሽ አትጓዢ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ክፈዪ፣ ያውም ከተመዘነ በኋላ። ሚዛኑን ራስሽ አንብቢው። መግዛት ስትጀምሪ ሁለት ኩንታል በሰው ጭነት ላይ ደርቢ። ንግዱ ከቀጠለ ፈቃድ አውጪ፣ የገዛሽበትን ወረቀት ሁሉ አስቀምጪ፤ ያለ ወረቀት የሚሠራ ንግድ ሲያድግ ነው የሚያስፈራው። ፋሲካ ዋዜማ ላይ አትጀምሪ፤ የዚያን ቀን ገበያ ልምድ ያለውንም ይጥላል።

ጨዋታውን አታቁሚ። ጊዜሽን ግን ለዪለት፤ ከጥናትሽ በኋላ፣ ከእማዬ ሥራ በኋላ። አሊ ቬዛስ ባዶ እጁን ተነስቶ ሀብታም ይሆናል፤ የሚሆነውም ዕድለኛ ስለሆነ ሳይሆን አንቺ ወደብ በወደብ ዋጋ ስለምትመዘግቢለት ነው። ያንኑ ትጋት ለራስሽም አድርጊው።

ዕቁቡ ሲወጣ እንዲህ እናድርግ። ገንዘቡን አራት ቦታ ክፈዪው። ሦስቱን ባንክ አስገቢና የባንኩን ደብተር ለእማዬ ስጪያት። በአንዱ እጅ ሽንኩርት ጀምሪ። ያ ቢከስር ታዝኛለሽ እንጂ አትወድቂም፤ ቢያተርፍ ሁለተኛውን ጉዞ በትርፉ ሂጂ። ብድር የለም፣ ለማታውቂው ሰው ዱቤ የለም፣ ያልተመዘነ ክፍያ የለም። በዚህ ከተስማማሽ የመጀመሪያውን ጉዞ ትራንስፖርት እኔ እከፍልልሻለሁ፤ ካልተስማማሽ ግን ሽንኩርቱን ተዪውና ምንጣፉን ሽጪ።